ደም ማነስ ነው ወይስ ድብርት? የአራስ እናቶች ጥያቄና መልስ

አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ የሁለት ልጆችም እናት። ከወሊድ በኋላ ስለሚመጣ ደም ማነስና ድብርት የጠየቃችሁኝን እነሆ እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ከወለድኩ 5 ሳምንት ሆነኝ። ሄሞግሎቢንሽ (ኦክስጅን የሚሸከመው የደም ክፍል) 9 ነው ተባልኩ። ቀኑን ሙሉ ያስለቅሰኛል። የደሙ ነው ወይስ ድብርት?

መልስ፦ እህቴ፣ ሁለቱም ሊሆን ይችላል። ለአራስ ከ10 በታች የሆነ ሄሞግሎቢን ደም ማነስ ነው። ብረት ደግሞ የደም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ አንጎል ስሜትን የሚመሩትን ዶፓሚንና ሴሮቶኒን የተባሉ ኬሚካሎች የሚሠራባቸው ኢንዛይሞች ያለ ብረት አይንቀሳቀሱም። ድብርት ደማቸው ባነሰ እናቶች ላይ በርከት ብሎ መታየቱ አያስገርምም። ነገር ግን ልቅሶውን ሁሉ በደሙ አታሳቢ። የአራስ ሆደ ባሻነት በ3ኛው ወይም በ4ኛው ቀን ገደማ መጥቶ በ2 ሳምንት ውስጥ ይሄዳል፤ ያንቺ ከዚያ አልፏል። የብረት ኪኒኑን ጀምሪ፤ በዚያው ቀን የአራስ ድብርትን የሚለየው የኤድንበርግ መጠይቅ እንዲሞላልሽ ጠይቂ። 10 ጥያቄ ነው፣ ስላለፉት 7 ቀናት ስሜትሽ የሚጠይቅ።

ጥያቄ፦ የብረት ኪኒኑ ሆዴን አደረቀው፤ ሰገራዬም ጠቆረ። ላቁመው?

መልስ፦ መጥቆሩ የሚጠበቅ ነው። ድርቀቱ ግን ብዙዎችን ኪኒን ያስጥላል፣ እኔም አልፈርድባቸውም። ሰውነት ብረት ሲገባለት ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን ያመነጫል፤ ይህም እስከ 24 ሰዓት ያህል አንጀት ተጨማሪ ብረት እንዳይቀበል በሩን ይዘጋል። ስለዚህ በቀን ሦስቴ መዋጥ ትርፉ ሆድ ማስጨነቅ ነው። በቀን አንዴ ወይም አንድ ቀን እየዘለልሽ መውሰድ ይሆንልሽ እንደሆነ ሐኪምሽን አማክሪ። ሻይና ቡና ደግሞ ከኪኒኑ ይራቁ። እኔ ራሴ በሁለተኛ ልጄ ጊዜ አንድ ወር ሙሉ ከቡና ጋር ስወጥ ከርሜ «ለምን አልጨመረም?» ብዬ ተገርሜአለሁ!

ጥያቄ፦ በደም ሥር የሚሰጠው ብረት አይሻልም?

መልስ፦ ኪኒን ለማይስማማት ወይም ደሟ በጣም ለወረደ እናት ይሻላል፤ የብረት ክምችቱን ቶሎ ይሞላል። አልፎ አልፎ አለርጂ ስለሚያስነሣ ግን በጤና ተቋም ብቻ ይሰጣል። ድብርት ይፈውሳል የሚላችሁን አትመኑ።

ጥያቄ፦ የምወስደው ብረት ጡት የሚጠባውን ልጅ ይጎዳል?

መልስ፦ አይጎዳም። ጥቅሉን ግን ከትልልቆቹ ልጆች ሸሽጉ፤ ሕፃን የብረት ኪኒን ከዋጠ ሊገድለው ይችላል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ኪኒኑን 2 ወር ወስዳ ደሟ ተስተካከለ። ልጁን ማቀፍ ግን አትፈልግም።

መልስ፦ ወንድሜ፣ እንግዲህ የቀረው የደም ጉዳይ አይመስልም። ክምችቷ እንዲሞላ ብረቱን 3 ወር ያህል ትቀጥል፤ ድብርቱ ግን የራሱን ሕክምና ይፈልጋል፤ የንግግር ሕክምና፣ ካስፈለገም እንደ ሰርትራሊን ያለ ከማጥባት ጋር የሚሄድ መድኃኒት። የታይሮይድ ዕጢዋም ይመርመር፤ ከወሊድ በኋላ ሲታወክ ድብርት ይመስላል። ራሷን ወይም ልጁን ስለመጉዳት አስባ እንደሆነ በግልጽ ጠይቃት፤ መጠየቅህ ሐሳቡን አይፈጥርባትም። አዎ ካለች ወይም ሌላው የማይሰማው ድምፅ ከሰማች ብቻዋን አትተዋት፤ አሁኑኑ ወደ ድንገተኛ ክፍል ውሰዳት።