ከትከሻ ቀዶ ጥገና በኋላ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ከዚህ ቡድን አባላት ብዙ ጥያቄ ስለደረሰኝ የቻልኩትን ያህል እመልሳለሁ። መጀመሪያ ግን ሁለት ነገር ላስቸግራችሁ። ስትጠይቁ ምን ዓይነት ቀዶ ጥገና እንደተደረገላችሁና ስንተኛ ሳምንት ላይ እንደሆናችሁ ጻፉ። ሁለተኛ፣ ቀዶ ሐኪማችሁ የሰጣችሁ ገደብ ከእኔ ምክር ይበልጣል። ትከሻችሁን ከፍቶ ያየው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የተቀደደ ጅማት ተሰፍቶልኝ 4ኛ ሳምንቴን ይዣለሁ። ህመሙ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ክንዴን የያዘውን ማንጠልጠያ ላውልቀው?

መልስ፦ ፊዚዮቴራፒስት ነኝ እንጂ ዶክተር አይደለሁም። ማንጠልጠያውን ግን ሐኪምዎ ሳይፈቅድ አያውልቁት።

እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ ልመልስ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው በዚህ ጊዜ ነው። የክንድ አጥንታችንን ራስ የ4 ጡንቻዎች ጅማቶች ከበው ይይዙታል። ብዙ ጊዜ የሚቀደደው ከላይ ያለው ነው። ሐኪሙ የተቀደደውን ጫፍ መልሶ አጥንቱ ላይ በክር ያስረዋል። ክሩ ግን ጅማቱን ቦታው ላይ ያቆየዋል እንጂ አያድነውም። ጅማቱ ዳነ የሚባለው ከአጥንቱ ጋር ሲጣበቅ ነው፤ ጭነት መቻል እስኪጀምር ደግሞ ወደ 12 ሳምንት ይወስድበታል። ከዚያም በኋላ ለወራት እየጠነከረ ይሄዳል።

ህመሙ የሚቀንሰው ከዚህ ሁሉ ቀድሞ ነው፣ እብጠቱ ስለሚወርድ። ሰው «አሁንማ ድኛለሁ» ብሎ ከመደርደሪያ ላይ ዕቃ ያወርዳል፣ ወይም ሊወድቅ ሲል በዚያው እጁ ይደገፋል። ክሩ ጅማቱን እየቆረጠ ሊወጣ የሚችለው ያኔ ነው። ህመም ጠፋ ማለት ጅማቱ ያዘ ማለት አይደለም። ማንጠልጠያው አብዛኛውን ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ የተቀደደው ቦታ ትልቅ ከነበረ ሊረዝም ይችላል።

ጥያቄ፦ እንዲህ ታስሬ ስቀመጥ ታዲያ ትከሻዬ አይደርቅም ወይ?

መልስ፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ሊደርቅ ይችላል፣ ለዚህም ነው በመሃል የምናንቀሳቅሰው። ግን ሲንቀሳቀስ ሥራውን የሚሠራው የተሰፋው ትከሻ መሆን የለበትም። ደህነኛው እጅ፣ ቴራፒስቱ ወይም የክንዱ ክብደት ራሱ ይሥራው። የተሰፋውን ክንድ በራሱ ጉልበት ማንሳት ብዙውን ጊዜ ከ6ኛው ሳምንት በፊት አይጀመርም።

ሐኪምዎ ከፈቀደ ፔንዱለም የሚባለውን እንቅስቃሴ እንዲህ ይሥሩ። በደህነኛው እጅ ጠረጴዛ ይደገፉ። ከወገብዎ ጎንበስ ይበሉና የተሰፋው ክንድ እንደ ገመድ ቁልቁል ይንጠልጠል። ከዚያ ሰውነትዎን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ያወዛውዙ፤ ክንዱ ተከትሎ ይወዛወዛል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሰውነቱን ገትሮ ክንዱን በማዞር ነው። ያ ጡንቻውን ማሠራት ነው፣ ያልፈለግነው ደግሞ እሱን ነው። ጣት፣ የእጅ አንጓና ክርን ግን ከመጀመሪያዎቹ ቀናት ጀምሮ ይንቀሳቀሱ። የሁለት ራስ ጡንቻዎ (ከላይኛው ክንድ ፊት ለፊት ያለው) ጅማትም በቀዶ ጥገናው ከተነካ ስለ ክርኑ መጀመሪያ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ፔንዱለሙን ስሠራ ስንት ኪሎ ልያዝ?

መልስ፦ ምንም።

አንድ አባል፦ ታካሚ አታስፈራሩ እንጂ! እኔ ማንጠልጠያዬን በ2ኛው ሳምንት ጥዬ ምንም አልሆንኩም።

ሌላ አባል፦ ያንተ ጅማት ተሰፍቶ ነበር?

የመጀመሪያው አባል፦ አይ፣ አጥንት ነው የተሞረደልኝ።

ሌላው አባል፦ ታዲያ ምኑን ከምኑ ነው የምታገናኘው?

ሦስተኛ አባል፦ ማንጠልጠያውን ተዉትና፣ ዋናው ነገር ሙቀት ነው። በረዶ ያደርቃል።

ሌላው አባል፦ በረዶ ነው እብጠት የሚቀንሰው!

መልስ፦ ኧረ ቀስ በሉ! አጥንት ብቻ የተሞረደለት ሰው ቶሎ እንዲያንቀሳቅስ ይመከራል። ትክክል ነው፣ የሚሰፋ ጅማት የለውማ። ጅማት የተሰፋለት ሰው ግን ይህንን አይቶ ማንጠልጠያውን እንዳይጥል። የሌላ ሰው ሳምንት የእናንተ ሳምንት አይደለም። በረዶ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ። ሙቀት ቆይቶ፣ ቁስሉ ከዳነ በኋላ፣ ከልምምድ በፊት ለማፍታታት። በዚህ አትጣሉ።

ጥያቄ፦ የትኛው ማስታገሻ ይሻለኛል?

መልስ፦ መድኃኒት አላዝም። ሐኪምዎን ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ መኪና መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ ማንጠልጠያ አድርገው? አይቻልም። ከወለቀ በኋላም ሐኪምዎ ይፍቀድልዎት።

ጥያቄ፦ ሌሊቱ አልነጋ አለኝ። እንዴት ልተኛ? ልብስ መልበሱም ፈተና ሆኖብኛል።

መልስ፦ አይዞዎት፣ ሌሊቱ ሁሉንም ያስቸግራል። ጠፍጣፋ አይተኙ። ጀርባዎን በትራስ ከፍ አድርገው ጋደም ይበሉ። ሌላ ትራስ ከክርንዎ በታች ያስገቡ። ክርንዎ ከሰውነትዎ ወደ ኋላ ከወደቀ ትከሻው ይወጠራል፤ ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስዎት አንዱ ይኸው ነው። ማንጠልጠያው ሌሊትም አይውለቅ።

ልብስ ሲለብሱ የታመመው እጅ ይቅደም፣ ሲያወልቁ መጨረሻ ይውጣ። ከፊት በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ ሸሚዝ ይፈልጉ። ብብትዎን ሲታጠቡ ክንድዎን ወደ ላይ አያንሱ፤ ጎንበስ ይበሉና ክንዱ ራሱ ተንጠልጥሎ ይከፈትልዎት።

ጥያቄ፦ ትከሻዬ እየወለቀ አስቸግሮኝ ተሠራሁ። 8ኛ ሳምንት ነኝ። ኳስ መወርወር ልጀምር?

መልስ፦ አትጀምር ወንድሜ። ትከሻህ ወደ ፊት ይወልቅ ከነበረ፣ እጅን ወደ ላይና ወደ ውጭ አድርጎ ለመወርወር መዘጋጀት ጥገናውን በጣም የሚወጥር አቋም ነው። ግጭት ወዳለበት ስፖርት ለመመለስ ብዙውን ጊዜ 6 ወር አካባቢ ይጠበቃል፤ ያውም የትከሻህ ጥንካሬ ተለክቶ።

ጥያቄ፦ 5ኛ ሳምንት ነኝ፣ ህመም የለኝም። ማንጠልጠያውን ላውልቅ?

መልስ፦ ከላይ የመጀመሪያውን መልስ ያንብቡ። ህመም መጥፋቱ ምልክት አይደለም። ለዚህ ጥያቄ ከዚህ በኋላ አልመልስም።

ጥያቄ፦ ትከሻዬን ያመኛል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ምን ተሠራልዎት? መቼ? የትኛው ጋ ነው የሚያምዎት? በዚህ መልኩ ለተጻፈ ጥያቄ መልስ የለኝም። ግን ትኩሳት ካለዎት፣ ቁስሉ ከቀላ ወይም መግል ካወጣ፣ ወይም ድንገት «ቋ» ብሎ ክንድዎ አልነሳ ካለ፣ ዛሬውኑ ሐኪምዎ ጋ ይሂዱ። ትንፋሽ ካጠረዎት ወይም ደረትዎን ከወጋዎት ደግሞ ድንገተኛ ክፍል ነው።

ጥያቄ፦ ጅማት ተሰፍቶልኝ 14ኛ ሳምንቴ ነው። ሐኪሙ ፈቅዶልኝ በላስቲክ ማጠንከር ጀምሬያለሁ። ክንዴ ይነሳል፣ ግን ትከሻዬ አብሮ ወደ ጆሮዬ ይወጣል። ችግር አለው?

መልስ፦ እንዲህ ነው ጥያቄ! አዎ፣ ችግር አለው። ከጅማቱ ጋር የሚሠራው ጡንቻ ገና ስለደከመ የአንገትዎ ጡንቻ ሥራውን እየተሻማ ነው። እንደዚያው ከቀጠሉ የሚጠነክረው አንገትዎ ነው። ላስቲኩን ለጊዜው ያስቀምጡት። መስታወት ፊት ይቁሙ። ክርንዎን አጥፈው ክንድዎን ያንሱ፤ የታጠፈ ክንድ ለትከሻው ይቀለዋል። ትከሻዎ ሽቅብ መውጣት የጀመረበት ከፍታ ላይ ያቁሙ፣ ለአሁኑ ገደብዎ እሱ ነው። ከዚያ በታች፣ ትከሻዎ ሽቅብ ሳይወጣ ይሥሩ። ቀላል መወጠር ይጠበቃል፤ ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳ ህመም ከመጣ ግን አብዝተዋል። በሚቀጥለው ቀጠሮ ይህንኑ ለቴራፒስትዎ ያሳዩት፣ የቀዶ ጥገናውን ሪፖርት ኮፒም ይያዙ።