የሙታን ትንሣኤ ማጽናኛ ብቻ ነው?

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። «ክርስቲያኖች የሞተ ሰው ይነሣል የምትሉት በምን ማስረጃ ነው? ሐዘን ሲከብዳችሁ ለራሳችሁ የፈጠራችሁት ማጽናኛ አይደለም ወይ?» ነው ያልከው። ከእኔ በፊት በአስተያየቶቹ ላይ «እምነት ነው፣ ማስረጃ አይጠየቅበትም» ብለው የመለሱልህ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ጳውሎስ ራሱ እንዲህ ብሎ ከጥያቄው አላመለጠም። «ክርስቶስም ካልተነሣ እምነታችሁ ከንቱ ናት» ብሎ ቁርጡን ነው የጻፈው።

ከወጣቶች ጋር መጽሐፍ ቅዱስ ማጥናት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። ይህ ጥያቄ በየጊዜው ይመጣል። የምጽፍልህም በዚያ ሁሉ ክርክር ውስጥ ሚዛን ሲደፋ ያየሁትን ነው።

መጀመሪያ አንድ ነገር እናጥራ። ክርስቲያን ሙታን ይነሣሉ የሚለው ነፍስ አትሞትም ከሚል ፍልስፍና ተነስቶ አይደለም። ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው በአንድ ሰው ላይ ነው። ኢየሱስ ከተነሣ የእርሱ የሆኑትም ይነሣሉ፤ እርሱ ካልተነሣ ግን የሚቀጥል ወሬ የለም። ስለዚህ መመርመር ያለበት የእርሱ ጉዳይ ነው።

እኔ የምጀምረው ከወንጌላት ሳይሆን ከ1ኛ ቆሮንቶስ ምዕራፍ 15 ነው። ደብዳቤው የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ55 ዓ.ም. አካባቢ ነው። ከስቅለቱ ወዲህ ሃያ ምናምን ዓመት ቢሆነው ነው። ጳውሎስ እዚያ ላይ እኔም የተቀበልኩትን ነው ያስተላለፍኩላችሁ ይልና ስም ይዘረዝራል። ኬፋ (ጴጥሮስ ማለት ነው)፣ አሥራ ሁለቱ፣ ከ500 የሚበልጡ ወንድሞች፣ ያዕቆብ፣ ሐዋርያት ሁሉ፣ በመጨረሻ ደግሞ እርሱ ራሱ። ስለ 500ዎቹ ሲናገር አብዛኞቹ እስካሁን በሕይወት አሉ ይላል። የተጠራጠረ ሄዶ ይጠይቅ እንደማለት ነው። ገላትያ 1 ላይ ደግሞ ከ3 ዓመት በኋላ ወደ ኢየሩሳሌም ወጥቶ ኬፋ ዘንድ 15 ቀን እንደተቀመጠ፣ ያዕቆብንም እንዳገኘ ይነግረናል። ወሬውን ከባለቤቶቹ አፍ ለመስማት በቂ ጊዜ ነው። ይህ የምስክሮች ዝርዝር በጣም ቀደምት መሆኑን በትንሣኤ የማያምኑ ምሁራንም ይቀበላሉ። ስለዚህ «ከብዙ ትውልድ በኋላ የተፈጠረ ተረት ነው» የሚለው አያስኬድም።

ከዝርዝሩ ውስጥ እኔን የሚይዘኝ ያዕቆብ ነው። የኢየሱስ ወንድም ነው። ዮሐንስ 7 ላይ ወንድሞቹ አላመኑበትም ነበር ይላል። ማርቆስ 3 ላይ ደግሞ ዘመዶቹ አብዷል ብለው ሊይዙት ወጥተው ነበር። ክርስቲያኖች እንዲህ ያለ ቤተሰባዊ ገመና ከሜዳ ተነስተው አይፈጥሩም። እንግዲህ ያ ወንድም ተሰቅሎ፣ በሕዝብ ፊት ተዋርዶ ሞተ። በሙሴ ሕግ በእንጨት ላይ የተሰቀለ የተረገመ ነው። ያዕቆብ «ድሮም ብዬ ነበር» ቢል ይፈረድበታል? እኛ የምናገኘው ግን የኢየሩሳሌም ቤተ ክርስቲያን መሪ ሆኖ ነው። እ.ኤ.አ. በ62 ዓ.ም. በድንጋይ እንዲወገር መደረጉን የጻፈው ደግሞ ክርስቲያን ያልሆነው አይሁዳዊ የታሪክ ጸሐፊ ጆሴፈስ ነው። መሃል ላይ ምን ተፈጠረ? የጳውሎስ መልስ አጭር ነው፤ ለያዕቆብ ታየው።

አሁን ወደ ማጽናኛው። አባቴ የሞተ ሰሞን ማታ ማታ ሳሉን ከኮሪደሩ እሰማው ነበር። ሁለቴ ጉሮሮውን ጠርጎ አንዴ የሚያስለው ነገር ነበረው፤ ልክ እንደዚያው። ሐዘን እንዲህ ያደርጋል፤ ብዙ ሐዘንተኛ ተመሳሳይ ነገር ይነግርሃል። ግን አንድም ቀን «አባቴ ከመቃብር ወጥቷል» አላልኩም። እንዲያውም ድምፁን መስማቴ መሞቱን ነበር ይበልጥ የሚያስታውሰኝ። ደቀ መዛሙርቱም የሐዘን ራእይ ብቻ አይተው ቢሆን «ነፍሱ በእግዚአብሔር ዘንድ ናት» የሚል ዝግጁ ቋንቋ ነበራቸው። ትንሣኤን የሚጠብቅ አይሁዳዊ የሚጠብቀው በዓለም ፍጻሜ፣ ለሁሉም በአንድ ላይ ነው። ማርታ ስለ አልዓዛር «በመጨረሻው ቀን በትንሣኤ እንዲነሣ አውቃለሁ» ያለችው ለዚህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን፣ በታሪክ መሃል፣ ከመቃብር ወጥቶ የተጠበሰ ዓሣ ይበላል ብሎ የጠበቀ አልነበረም። የሚያጽናና ነገር የሚፈልግ ሰው ደግሞ ማንም ያልጠበቀውን ነገር አይመርጥም።

ሴቶቹንም አትርሳ። በአራቱም ወንጌላት ባዶውን መቃብር ቀድመው ያገኙት ሴቶች ናቸው። በዚያ ዘመን የሴት ምስክርነት ክብደት አልነበረውም፤ ጆሴፈስ በግልጽ ጽፎታል። ሉቃስ ሐዋርያቱ ራሳቸው ወሬውን እንደ ቅዠት ቆጥረው እንዳላመኗቸው ሳይደብቅ ይነግረናል። ታሪክ ፈጥሮ የሚሸጥ ሰው ኢየሱስን የቀበረውን የአርማትያሱን ዮሴፍን ወይም ጴጥሮስን ነበር ቀድሞ የሚያቆመው።

አንድ የማልወደው ክርክርም አለ። «ሐዋርያት ሁሉ ለዚህ ሞተዋል፣ ስለዚህ እውነት ነው» ይባላል። ሰው ለሐሰትም ይሞታል። በዚያ ላይ የብዙዎቹ ሐዋርያት የሰማዕትነት ታሪክ የተጻፈው ቆይቶ ነው። የዘብዴዎስ ልጅ ያዕቆብ በሄሮድስ ሰይፍ መገደሉ በሐዋርያት ሥራ 12 አለ፤ የኢየሱስ ወንድም ያዕቆብን ጠቅሼዋለሁ። ይህ የሚያሳየው «አየን» ያሉ ሰዎች የምር አምነውበት እንደነበር ነው። ከዚያ በላይ አትለጥጠው።

ከአስተያየቶቹ በአንዱ «የተሰቀለ ሰው ለአሞራ ይጣላል እንጂ መቃብር አይሰጠውም ነበር» ተብሏል። ብዙ ጊዜ እውነት ነው። ግን እ.ኤ.አ. በ1968 ኢየሩሳሌም ውስጥ ችንካሩ ተረከዙ ላይ እንደተሰካ የቀረ የአንድ የተሰቀለ ሰው አጽም ተገኝቷል። የተገኘውም በቤተሰብ መቃብር፣ በአጽም ሣጥን ውስጥ ነው። ስለዚህ ቀብር ይፈቀድ ነበር፤ ቢያንስ ለአንዳንዱ።

በወንጌላቱ መካከል ያለው ልዩነት፣ ማለትም የመላእክቱ ቁጥርና የሴቶቹ ስም፣ እኔን ብዙም አያስጨንቀኝም። ተነጋግረው ያስማሙት ቢሆን የበለጠ እጠራጠር ነበር።

እንግዲህ ይህ ሁሉ እንደ ሒሳብ ቀመር አያስገድድህም። ሙት በምንም ዓይነት አይነሣም ብለህ ከተነሣህ፣ ከዚህ ሁሉ ይልቅ «አንድ ያላወቅነው ነገር ይኖራል» ትላለህ፤ መብትህ ነው። በአቴናም ጳውሎስ ስለ ትንሣኤ ሲናገር ግማሾቹ አፊዘውበታል። እግዚአብሔር ካለ ግን አስቀድሞ በሩን የሚዘጋበት ምክንያት አይታየኝም።

ተቃጥሎ አመድ ስለሆነውና ባሕር ስለበላው አካል የጠየቅከውን ጳውሎስ በዚያው ምዕራፍ ከቁጥር 35 ጀምሮ ያነሣዋል። የሚዘራው የሚበሰብስ ነው፣ የሚነሣው የማይበሰብስ ነው ይላል። አሮጌው አካል ተጠጋግኖ ይመለሳል ማለት አይደለም። ምዕራፉን በአንድ መቀመጫ አንብበው። ቁጥር 29 ላይ ስለ ሙታን ስለሚጠመቁ ሰዎች የሚል ታገኛለህ፤ ሊቃውንቱም ያልተስማሙበት ስለሆነ እዚያ ላይ አትንጠልጠል፣ እለፈው።