ወዶ ነው የሄደው ከተባለ ነገሩ አለቀ?

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ጥያቄዎች ስለ እርሻ ስራ፣ ስለ ደላላ እና ተሰደው ስለሚሰሩ ወጣቶች ናቸው። ስምና ቦታ አውጥተናል፣ የረዘሙትንም አሳጥረናል። ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ ናቸው።

ጥያቄ፦ ታናሽ ወንድሜ ሌላ አገር ፍሬ ለቀማ ከሄደ ወራት ሆኖታል። ደላላው የትራንስፖርቱን እኔ እችላለሁ ሰርተህ ትከፍላለህ ብሎ ነው የወሰደው። አሁን ስንደውል ደሞዙ ለዕዳ፣ ለመኝታ፣ ለምግብ፣ ወደ እርሻው ለሚያመላልሰው መኪና እየተባለ ያልቃል፣ ዕዳው ግን ሲሄድ ከነበረው በልጧል። ማንም አልቆለፈበትም፣ ስልክ አለው፣ በእረፍት ቀኑ ይወጣል። አጎቴ ደግሞ ወዶ ነው የሄደው ማንን ትከሳለህ ይለኛል። ይሄ በሰው መነገድ ነው ወይስ ያው መጥፎ ስራ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ አጎትህ የሚሉትን ብዙ ሰው ይላል፣ ፍርድ ቤትም ብሎት ያውቃል። ግሪክ ውስጥ ማኖላዳ የሚባል እንጆሪ የሚመረትበት አካባቢ አለ፣ እዛ ከባንግላዴሽ የመጡ ሰራተኞች በቀን 7 ሰዓት ሰርታችሁ 22 ዩሮ ትወስዳላችሁ ተብለው ገቡ፣ ከዛ በኋላ የታጠቀ ጠባቂ ቆሞባቸው በቀን 12 ሰዓት እየሰሩ ደሞዙ የውሃ ሽታ ሆነ። በኤፕሪል 2013 ተሰብስበው ደሞዛችን ይከፈለን ሲሉ ተተኮሰባቸው፣ ብዙዎቹ ቆሰሉ። የአገሩ ፍርድ ቤት በጉዳት ማድረሱ ሰዎቹን ቀጣ፣ በሰው መነገድ ከሚለው ክስ ግን ነጻ አወጣቸው፣ ምክንያቱ ደግሞ ከአጎትህ ንግግር ብዙም አይርቅም፣ ሰራተኞቹ እኮ ወጣ ገባ ይሉ ነበር፣ ቢፈልጉ ስራውን መልቀቅ ይችሉ ነበር የሚል ነው። 42 ሰራተኞች ጉዳዩን ስትራስቡርግ ወዳለው የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት ይዘውት ሄዱና በ2017 ተፈረደላቸው። ፍርዱ ላይ የተባለው ለወንድምህ ጉዳይ ልክ የተጻፈ ይመስላል፦ አሰሪው ስልጣኑን ወይም የሰራተኛውን መውጫ ማጣት ተጠቅሞ ከበዘበዘው፣ ሰውዬው መጀመሪያ እሺ ብሎ መግባቱ ብቻውን ስራውን በፈቃድ የተሰራ አያስብለውም፣ በር መቆለፉም የግድ አይደለም።

አሁን ወደ ዕዳው እንምጣ፣ ዋናው እሱ ነውና። በ1956 የወጣው የተባበሩት መንግስታት ስምምነት ባርነትን ከሚመስሉ ነገሮች አንዱ ብሎ የዕዳ ባርነትን ያስቀምጣል፣ ሲተረጉመው ግን የተበደረ ሁሉ ባሪያ ነው አይልም፣ ብድርማ ማን የማይበደር አለ። የሚጠይቀው ሁለት ነገር ነው፣ ሰውዬው የሰራው ስራ በተገቢ ዋጋ ተሰልቶ ከዕዳው ይቀነስለታል ወይ፣ ስራውስ እስከመቼና ምን አይነት እንደሆነ ተወስኗል ወይ። ወንድምህ እየሰራ ዕዳው የሚያድግ ከሆነ ሁለቱም ጋር መልሱ አይ ነው። እኔ እንዲህ አይነት ጉዳይ ሲመጣ በሩ ተቆልፏል ወይ የሚለውን ትቼ መጀመሪያ የሂሳብ ደብተሩ የት ነው ነው የምለው፣ ምክንያቱም ደብተሩን የያዘው ሰው ቁልፍ አያስፈልገውም።

ስለዚህ ቀጣይ ስትደውልለት እንዴት ነህ ደህና ነህ ብቻ ብለህ አትዝጋ። የመጀመሪያው ቀን ዕዳው ስንት ነበር፣ በጽሁፍ አለ ወይ፣ ማነው የሚመዘግበው፣ ለመኝታ ስንት ይቆረጣል፣ ስንት ሰው ነው አንድ ክፍል ውስጥ የሚያድረው፣ ፓስፖርቱ ማን ጋ ነው፣ ነገ ልሂድ ቢል ምን እንደሚሉት ጠይቀው፣ የሚነግርህን ቀኑን እየጻፍክ አስቀምጥ። የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ብዙ የምታወጣው። ሂድ ግን ዕዳህን ቤተሰብህ ይከፍላል ካሉት፣ ወይም ለፖሊስ እንነግርብሃለን ካሉት፣ እሱ ማስፈራሪያ ነው፣ የ1930ው የግዳጅ ስራ ስምምነትም በቅጣት ማስፈራሪያ ሰው ሳይፈቅድ የሚሰራውን ስራ ነው የግዳጅ ስራ የሚለው።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፣ ደሞዝ ያዘገየ አሰሪ ሁሉ በሰው ይነግዳል ማለት አይደለም። ደሞዝ መዝረፍ ብቻውን ከሆነ ሌላ ጥፋት ነው፣ የሰራተኛ ጉዳይ ተቆጣጣሪ ጋ ነው የሚኬደው፣ ብዙ ጊዜም ቶሎ የሚፈታው በዛ በኩል ነው። ማታለል ወይም ችግሩን መጠቀም፣ ማጓጓዝ ወይም መቀበል፣ ከዛ መበዝበዝ፣ ሶስቱ ሲገጣጠሙ ነው በሰው መነገድ የሚባለው፣ በሰው መነገድን የሚከለክለው የ2000ው የተባበሩት መንግስታት ስምምነት፣ የፓሌርሞ ፕሮቶኮል የሚሉት፣ አተረጓጎሙ እንደዛ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው። በስልኩ የተዋወቀው ሰው ውጭ አገር እርሻ ላይ ስራ አለ፣ ገንዘብ ባይኖራችሁም ችግር የለም፣ የቤታችሁን ካርታ ለመያዣ ስጡኝ ይላል። ልጁ ካልፈረምሽልኝ ጠፍቼ እሄዳለሁ እያለኝ ነው። እናት ነኝ፣ ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ፣ እባክዎ አይፈርሙ። ደብዳቤዎትን ሳነብ ወዲያው ትዝ ያለኝ አሜሪካ ኦሃዮ ውስጥ በ2014 መጨረሻ የተደረሰበት ጉዳይ ነው። ከጓቲማላ የተወሰዱ ልጆች፣ አንዳንዶቹ 14 እና 15 ዓመት የሆናቸው፣ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ ተብለው ሄደው የእንቁላል እርባታ ላይ ዶሮ ሲጭኑና ኩስ ሲጠርጉ ተገኙ፣ የሚያድሩት አሮጌ ተጎታች ቤት ውስጥ ነው፣ ደሞዛቸውን የሚወስደው ያመጣቸው ሰው ነው። ልጆቹ ለምን ዝም አሉ ቢሉ፣ ቤተሰቦቻቸው ለመንገዱ ወጪ የመሬታቸውን ሰነድ አስይዘው ነበር፣ ልጁ ቢጠፋ እናቱ ሜዳ ላይ ትወድቃለች። ከማስያዣው በላይ ደግሞ የመግደል ዛቻ ነበረበት። ድንበር ላይ ተይዘው የመንግስት መጠለያ የገቡትን እንኳን የቤተሰብ ወዳጅ ነኝ ብሎ በሐሰት ፎርም እየሞላ የተረከባቸው ሰው አለ። ዋናው ሰውዬ በ2016 ከ15 ዓመት በላይ ተፈርዶበታል፣ ያው ለልጆቹ ግን ያለፈው አለፈ።

እርስዎ ጋ የመጣው ሰው ካርታ የጠየቀው ቤትዎን ፈልጎ ብቻ አይምሰልዎ፣ ልጁ እዛ ሆኖ እምቢ እንዳይል ማሰሪያ ፈልጎ ነው። ሕጉ ደግሞ ለልጆች ይለያል፦ ከ18 ዓመት በታች ከሆነ ተታሏል ወይ ተገዷል ወይ ተብሎ አይጠየቅም፣ ለብዝበዛ ብሎ መመልመሉ ወይም ማጓጓዙ ብቻ ይበቃል፣ የልጁም የወላጁም ፊርማ ሰውዬውን አያድነውም። በ1999 የወጣው በጣም የከፋ የልጆች ጉልበት ብዝበዛን የሚከለክለው ስምምነት ልጆችን በዕዳ መያዝን በስሙ ጠርቶ ያነሳል፣ በ2020 የዓለም አቀፉ የስራ ድርጅት አባል አገሮች በሙሉ ያጸደቁትም እሱ ነው።

ልጁን በተመለከተ፣ አትሄድም ብቻ ብለው በሩን ከዘጉበት በእውነትም ይጠፋል፣ በዚህ እድሜ ይታወቃል። ይልቅ እሺ እንጠይቅ ብለው አብራችሁ ተቀመጡና ለሰውዬው በጽሁፍ ጥያቄ ላኩለት። የእርሻው ስም ማነው፣ አሰሪው ማነው፣ ውሉን ልጁ በሚያነበው ቋንቋ ላክ፣ እዛ አሁን የሚሰራ ሰው ስልክ ስጠን። ስራ ፈላጊን ክፈል ማለት ራሱ በ1997ቱ የግል የስራ ኤጀንሲዎች ስምምነት በመርህ ደረጃ የተከለከለ ነው፣ ወጪው የአሰሪው ነው። እንዲህ ሲጠየቅ ከተቆጣ፣ ወይም ቦታው እየሞላ ነው ነገ ወስኑ ካለ፣ ልጁ ራሱ ያየዋል፣ እርስዎ መናገር ላያስፈልግዎት ይችላል። የተላላካችሁትን ስክሪንሾት አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ለፖሊስ ያስፈልጋል፣ ሰውዬው ነገ የሌላ ሰው ልጅ ጋ ነው የሚደውለው።

ጥያቄ፦ እኔ ካቦ ነኝ። ሰራተኛ ሰብስቤ ለእርሻ ባለቤቶች አቀርባለሁ፣ ከእያንዳንዱ ሰው ደሞዝ ላይ ድርሻዬን እቆርጣለሁ፣ መሃል ላይ ጥለው እንዳይሄዱ ደግሞ ሰነዳቸውን እኔ ጋ አስቀምጣለሁ። ማንንም መትቼ አላውቅም። ጽሁፎቻችሁን ሳነብ እኛን ሁሉ ወንጀለኛ እያደረጋችሁ ነው።

መልስ፦ ግልጽ ስለጻፍክልኝ እኔም ግልጽ ልሁን። ሰው መሰብሰብህና ማቅረብህ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ አዝመራ በደረሰ ሰዓት አንድ ገበሬ መቶ ሰው ከየት ያመጣል። ሰነዱ ግን ጥፋት ነው። የ1990ው የስደተኛ ሰራተኞች ስምምነት ሕግ ከፈቀደለት የመንግስት ባለስልጣን ውጭ ማንም የሰው መታወቂያ ወረቀት መውሰድ አይችልም ይላል፣ እንዳይጠፋ ነው ያስቀመጥኩት የሚለው መልስ ደግሞ አይሰራም፣ አንተው ራስህ እንዳይሄዱ ነው ብለህ ጽፈሃል። ዛሬውኑ መልስላቸው። ድርሻህንም በተመለከተ፣ ስራ ለማግኘት ተብሎ ከሰራተኛ ደሞዝ ለአሰሪ ወይም ለደላላ የሚቆረጥ ገንዘብ በ1949ኙ የደሞዝ ጥበቃ ስምምነት የተከለከለ ነው፣ ድርሻህን ከባለቤቱ ጠይቅ። እምቢ ካለ ርካሽ ጉልበት የሚያገኘው በማን ኪሳራ እንደሆነ ያኔ ይገባሃል።

አገሮችም እየነቁ ነው። እንግሊዝ ውስጥ በፌብሩዋሪ 2004 ሞርካም ቤይ ላይ ባሕር ዳር ዛጎል የሚለቅሙ ቢያንስ 21 ቻይናውያን ሰራተኞች ማታ ውሃው ከቧቸው ሞቱ፣ የመራቸው ሰው በሰው መግደል ተፈረደበት፣ በዛው ዓመት ለእርሻና ለመሳሰሉት ሰራተኛ የሚያቀርብ ሁሉ ፈቃድ እንዲያወጣ ሕግ ወጣ። ጣልያን ደግሞ በ2016 ባወጣችው ሕግ የሰራተኛን ችግር ተጠቅሞ የሚበዘብዘውን አቅራቢ ብቻ ሳይሆን አውቆ የሚጠቀመውን የእርሻ ባለቤትም ትጠይቃለች። ስለዚህ አለቃህ ሲያዝህ ነበር ማለት አያድንህም፣ አለቃህም ካቦው ነው ያመጣቸው ብሎ አያመልጥም። መትቼ አላውቅም ማለትህን አምንሃለሁ፣ ግን ሰነዱ ኪስህ ውስጥ ያለ ሰው መመታት አያስፈልገውም፣ አርፎ ይሰራል።

ጥያቄ፦ ይህን ሁሉ ካወቅን በኋላ ፍራፍሬና አትክልት መግዛት እናቁም ማለት ነው?

መልስ፦ አይ፣ ገዢ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚባረረው ለቃሚው ነው። ውጤት ያመጣው ሌላ መንገድ ነው። ፍሎሪዳ ኢሞካሊ ላይ ቲማቲም የሚለቅሙ ሰራተኞች ተደራጅተው ገበሬውን ትተው ትልልቅ ገዢዎችን፣ ማለትም ሱፐርማርኬቶችንና የፈጣን ምግብ ድርጅቶችን ነው ያስጨነቁት። በአንድ ፓውንድ ቲማቲም፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ማለት ነው፣ አንድ ሳንቲም ጨምሩ፣ በደል ከተገኘበት እርሻ ደግሞ አትግዙ የሚል ውል አስፈረሟቸው። ገበሬው ገበያው ሊዘጋበት እንደሚችል ሲያውቅ ካቦውን ራሱ መቆጣጠር ጀመረ። ገዢ ከሆናችሁ እንግዲህ ሱቁን መጠየቅ ነው፣ ከየት ነው የምታመጡት፣ እዛ ማነው የሚቆጣጠረው ብላችሁ።

ጥያቄ፦ እኔ ራሴ ውስጡ ነኝ። ቪዛዬ አልቋል፣ ፓስፖርቴ እነሱ ጋ ነው። ፖሊስ ጋ ብሄድ እኔን ነው የሚያስሩት ይሉኛል። እውነት ነው?

መልስ፦ እህቴ፣ ስላልነገርሽኝ አገሩን አላውቅም፣ ግን ይሄ ማስፈራሪያ ከሚነገረው ያነሰ እውነት ነው ያለው። የ2005ቱን የአውሮፓ ምክር ቤት ስምምነት ያጸደቀ አገር ውስጥ ከሆንሽ በሰው ንግድ ተጎድታለች ብሎ ለማመን በቂ ምክንያት ካለ ቢያንስ 30 ቀን ማገገሚያና ማሰቢያ ጊዜ ይሰጥሻል፣ በዛ ጊዜ ከአገር አያስወጡሽም፣ ተገደሽ ለፈጸምሽው ጥፋትም ላለመቀጣት የሚያስችል አንቀጽ አለው። አሜሪካ ከሆንሽ በ2000 በወጣው ሕግ ለተጎጂዎች የተለየ ቪዛ አለ። ሌላ ቦታ ከሆነ ግን ፖሊስ ጋ ብቻሽን ከመሄድሽ በፊት በሰው ንግድ ጉዳይ ላይ የሚሰራ ድርጅት ወይም የሰራተኛ ማህበር አግኚ፣ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት ብዙ አገር ላይ ቢሮ አለው፣ የአገርሽ ኤምባሲም ምትክ የጉዞ ሰነድ ይሰጥሻል፣ ስለዚህ ፓስፖርቱ እነሱ ጋ በመሆኑ ብቻ አትታሰሪ።

ከመውጣትሽ በፊት ከቻልሽ የሰራሽበትን ሰዓት በየቀኑ ጻፊ፣ የተቀነሰብሽን ገንዘብ፣ የሚያመላልሳችሁን መኪና ታርጋ፣ የመኝታውን ፎቶ ያዢ፣ ይሄንን ሁሉና ሎኬሽንሽን ለምታምኚው ሰው ላኪ፣ ከዛ ከስልክሽ ላይ አጥፊው፣ ስልክ የሚፈትሹ ከሆነ አደጋ ነው። በእነሱ ስልክ እንዳትደውዪ። ማስረጃው ግን ባይኖርሽም አትቅሪ፣ መርማሪ ራሱ ሄዶ የሚሰበስበው ነገር አለ። ሊመቱሽ ወይም ሊያዛውሩሽ ከሆነ ደግሞ ምንም ሳትሰበስቢ ውጪና የአደጋ ጊዜ ስልክ ደውዪ። ለዚህ አምድ መልሰሽ የምትጽፊልን ከሆነ አገሩን ብቻ ንገሪን፣ እዛ ያለውን ድርጅት ፈልገን በግል እንልክልሻለን፣ እዚህ ላይ አናወጣውም።