ሞንቴ ሁሉ ተራራ አይደለም

እህቴ፣ «ሞንቴ፣ ሴሮ፣ ሎማ፣ ሲየራ፤ መዝገበ ቃላቱ ሁሉንም ተራራ ይላቸዋል። ከስፓኒሽ ስተረጉም በምን ልለያቸው?» ብለሽ ለጠየቅሽው፦

1. ከሞንቴ ጀምሪ፤ ትርጉም የሚበላሸው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ተራራነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ስፔን ውስጥ ዱር፣ ጫካ፣ ቁጥቋጦም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 የወጣው የአገሪቱ የደን ሕግ ስሙ «ሌይ ደ ሞንቴስ» ነው፤ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ የበቀለበት ያልታረሰ መሬት፣ ለጥ ያለ ሜዳ ቢሆንም ሞንቴ ነው። «ሞንቴ ባሆ»ን «ዝቅተኛ ተራራ» ብለው ይጽፉታል፤ ቁጥቋጦ ነው! «ሴ ኤቾ አል ሞንቴ» ካለሽም ሰውየው ተራራ አልወጣም፤ ሸፍቷል፣ ዱር ቤቴ ብሏል። መለያው ቀላል ነው፦ የቦታ ስም ከተከተለው፣ እንደ ሞንቴ ፔርዲዶ፣ በአብዛኛው ተራራ ነው። እሳት፣ አደን ወይም ማገዶ አብሮት ከተነሳ ዱር በዪው።

2. ሴሮ ከአካባቢው ተለይቶ ብቻውን ብድግ ያለ መሬት ነው፤ ቁመቱን ግን አይነግርሽም። ማድሪድ አጠገብ ያለው ሴሮ ደ ሎስ አንሄሌስ ኮረብታ ነው፤ አርጀንቲና ውስጥ 6,961 ሜትር የሚረዝመው አኮንካጓም ሴሮ ይባላል። ካርታ ሳታዪ «ኮረብታ» ብለሽ አትጻፊ። ስትናገሪ ደግሞ «ሮ»ን አጥብቂው፤ ከላላ ዜሮ ቁጥር ይሆናል።

ሎማ «ሎሞ» ከሚለው፣ ከከብት ጀርባ፣ የመጣ ነው፤ ረዘም፣ ዝቅ ያለና ክብ ጀርባ ያለው። ተረተር ይስማማዋል። ሲየራ መጋዝ ነው፤ ጫፎቹ እንደ መጋዝ ጥርስ ተደርድረው ስለሚታዩ። አንድ ተራራ ስላልሆነ «የሲየራ ኔቫዳ ተራራ» አትበዪ፤ «ተራሮች» በዪ። ሙላሴን ከእነሱ አንዱ ነው። ሲየራዎች ሲቀጣጠሉ ኮርዲዬራ ይሆናሉ።

ሜሳን «ጠረጴዛማ ተራራ» የሚሉት ነገር በጣም ያናድደኛል። አምባ የሚል ቃል እያለን! ሜሴታ ግን ሰፊው አምባ ምድር ነው፤ አታምታቻቸው።

ፑዌርቶንም ልብ በዪ። «ፑዌርቶ ሴራዶ ፖር ኒየቬ» የሚለው የመንገድ ማስታወቂያ «ወደቡ በበረዶ ምክንያት ተዘግቷል» ተብሎ ሲተረጎም ታይቷል። ከማድሪድ ወደ ሴጎቪያ የሚያሻግረው ፑዌርቶ ደ ናቫሴራዳ ከባሕር ወለል ከ1,800 ሜትር በላይ ነው፤ ምን መርከብ ይደርስበታል? በተራሮች መካከል ያለ መሻገሪያ ነው። ጣርማ በር እንደምንለው «የናቫሴራዳ በር» ብለሽ ጻፊው።