ቲዩቡን መጀመሪያ መስኮት ላይ አንሱት

ልጆቼ፣ በተለይ ላብራቶሪ አዲስ የገባችሁ፤

ሰሞኑን ከእናንተው አንዷ መጣችና "ጋሼ፣ ከህብለ ሰረሰር ፈሳሽ ውስጥ ካታሌዝ የሚባለውን ኢንዛይም ለክቼ የነርቭ በሽታን መለየት እፈልጋለሁ" አለችኝ። ደስ አለኝ። ፈራሁላትም። እኔ በዚሁ መንገድ ሄጄ አፍሬ ተመልሻለሁና።

ውጭ አገር ስማር ነው፤ እኔም ከነርቭ ሕመምተኞችና ከጤነኞች ፈሳሽ ውስጥ ካታሌዝ እለካ ነበር። ሴሎቻችን ኦክስጅን ሲጠቀሙ ሱፐርኦክሳይድ የሚባል ጎጂ ነገር ይፈጠራል። ኤስኦዲ የምንለው ኢንዛይም ይህንን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለውጠዋል። ማኮርድና ፍሪዶቪች የተባሉ ተመራማሪዎች ይህን ሥራውን ያሳወቁት እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። ያንን ፐርኦክሳይድ ደግሞ ካታሌዝ ይረከብና ውሃና ኦክስጅን ያደርገዋል።

የሕመምተኞቼ ካታሌዝ ከጤነኞቹ እጅግ በልጦ ተገኘ። ያን ሌሊት እንቅልፍ የለም፤ ዓለም ያወቀኝ መሰለኝ። በማግስቱ አንዲት አንጋፋ ቴክኒሺያን ቲዩቦቼን አንድ በአንድ መስኮት ላይ አንስተው አዩ። "ይሄ ሮዝ አይደለም?" አሉኝ።

ነበር። የጤነኛ ሰው ፈሳሽ ውሃ ነው የሚመስለው። ፈሳሹን ከወገብ ለመቅዳት መርፌው ሲገባ ትንሽ ደም ነክቷል። ናሙናው ሴንትሪፉጅ ሳይደረግ፣ ማለትም በፍጥነት ተሽከርክሮ ሴሎቹ ሳይለዩ፣ ፍሪዘር ስለገባ ቀይ የደም ሴሎቹ ፈንድተዋል። ቁስል ላይ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ስታፈሱ አረፋ የሚደፍቀው ለምን ይመስላችኋል? ከደሙና ከቆሰለው ሥጋ በሚወጣው ካታሌዝ ነው። ኤስኦዲም ቀይ ሴል ውስጥ ሞልቷል። እኔ የለካሁት ደም ነበር።

ግን ለምን ሕመምተኞቹ ላይ ብቻ በዛ? እነሱ በዕድሜ የገፉ፣ ወገባቸው የደረቀ ናቸው። መርፌው ሁለት ሦስቴ ይሞከርባቸዋል። ጤነኞቹ ጎረምሶች ነበሩ። ይህን ማንም አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅሁም።

ተስፋ አስቆራጭ አትበሉኝ። እ.ኤ.አ. በ1993 ከኤስኦዲ ዓይነቶች አንዱን የሚያሠራው የኤስኦዲ1 ጂን ለውጥ በዘር ከሚተላለፈው ኤኤልኤስ ጋር መያያዙ ታወቀ። ጡንቻን እያዳከመ የሚገድለው በሽታ ማለቴ ነው። በ2023 ደግሞ ለእነዚህ ሕመምተኞች ብቻ ቶፈርሰን የተባለ በወገብ የሚሰጥ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ፈሳሹ ውስጥ የኤስኦዲ1 ፕሮቲን መጠን ሲወርድ መድኃኒቱ ቦታው መድረሱ ይታወቃል። ሆኖም በ28 ሳምንት የሕመምተኞቹ የመንቀሳቀስ አቅም ላይ ቁርጥ ያለ ልዩነት አልታየም። ፈቃዱ የተሰጠው ኒውሮፊላመንት የሚባል ሌላ የነርቭ ጉዳት ምልክት ስለወረደ ነው። አያችሁ፣ ቁጥሩ ወርዷል፤ እግሩ ግን ገና ነው።

ልጅቷን "ናሙናውን ከወገብ የሚቀዳው ማነው?" አልኳት። አላወቀችም። "ስንተኛውን ቲዩብ ነው የሚሰጡሽ? በስንት ደቂቃ ሴንትሪፉጅ ይደረጋል?" እሱንም አላወቀችም። ደብተሯን አውጥታ ጻፈች። ማክሰኞ ጠይቃ ትመጣለች።