ጥያቄና መልስ፦ «ቢሮ ሌላ፣ ቤተ ክርስቲያን ሌላ» ነው ወይ?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? በአንድ ወረዳ የመሬት ጉዳይ ክፍል እሠራለሁ። ደመወዜ ከቤት ኪራይ ብዙም አያልፍም። ባለጉዳዮች ጉዳያቸው ሲያልቅ «ለሻይ» እያሉ ይሰጡኛል። ጠይቄ አላውቅም። እንደሚሰጡኝ ሳውቅ ግን ቀድሜ የምጨርስላቸው አሉ። ከምቀበለው ላይ አሥራት አወጣለሁ። ሕሊናዬ ሲወቅሰኝ ለሥራ ባልደረባዬ አማከርኩት። «ሃይማኖትና መንግሥት የተለያዩ ናቸው፤ ጌታም የቄሣርን ለቄሣር ብሏል። ቢሮን ከቤተ ክርስቲያን ጋር አታቀላቅል» አለኝ። እውነቱን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሕሊናህ ስለወቀሰህ እግዚአብሔር ይመስገን። ጉቦ ኃጢአት መሆኑን አላስተምርህም፤ ባታውቀው ኖሮ አትጽፍልኝም ነበር። እኔን ያስቆመኝ የባልደረባህ መልስ ነው። ይህችን አባባል ስንቴ ሰምቻታለሁ! ከነጋዴ ሰምቻታለሁ፣ ከፖሊስ ሰምቻታለሁ፣ አንዴማ ሰንበት ትምህርት ቤት ካደገ የሒሳብ ሹም ሰምቻታለሁ።

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት አንቀጽ 11 «መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው» ይላል። ልክ ነው። ግን የተለያዩት ሁለቱ ተቋማት ናቸው። ፓትርያርኩ ሚኒስትር አይሾሙም፤ ሚኒስትሩም ክህነት አይሰጥም። አንተን ከወገብህ ለሁለት የሚቆርጥ አንቀጽ ግን የለም። ጠዋት ኪዳን ያስቀደሰው ሰውዬና ሦስት ሰዓት ላይ ማኅተም የሚመታው ሰውዬ አንድ ናቸው። በፍርድ ቀንም አብረው ነው የሚቆሙት።

አንድ ያየሁትን ልንገርህ። ለዘመድ ጉዳይ አንድ ቢሮ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጬ ነበር። አጠገቤ ነጠላ የለበሱ እናት አሉ፤ ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው ጭናቸው ላይ ይዘዋል። ለአራተኛ ጊዜ መምጣታቸው ነው። ሹሙ አንገቱ ላይ ማዕተብ አለ፤ ከጠረጴዛው መስታወት ሥር የእመቤታችን ሥዕል ተቀምጧል። «ማዘር፣ ፋይሉ አልተገኘም፤ ሰኞ ይምጡ» አላቸው። ወዲያው ልጅቷ ማኪያቶ ይዛ ገባች። ጽዋውን አይቶ ፊቱ ተለወጠ። «ፆም መሆኑን አታውቂም እንዴ? ጥቁር አምጪልኝ!» ብሎ መለሳት። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ አንድ ሌላ ሰው ገብቶ እጁን በሁለት እጁ ጨበጠው። የዚያ ሰውዬ ፋይል ከመሳቢያው ወጣ። እናትየዋ ፌስታላቸውን አንሥተው ሄዱ።

ያ ልጅ ወተቷን ፈርቷል። ፆሙም የእውነት እንደነበር አልጠራጠርም። የእናትየዋ አራት ጊዜ መመላለስ ግን ከፆሙ ጋር የሚገናኝ ነገር ሆኖ አልታየውም። ባልደረባህ የሚያስተምርህ ይህን ነው።

ወደ ጥቅሱ እንምጣ (ማቴ. 22፥15-22)። ጌታችን ዲናሩን አስመጥቶ «ይህች መልክ ጽሕፈቲቱስ የማን ናት?» አላቸው። የቄሣር ናት አሉ። የቄሣር መልክ ያለበት ለቄሣር ይሂድ። ዲናሩን የያዘው እጅስ የማን መልክ አለበት? ዘፍጥረት 1፥27ን ታውቀዋለህ። ሰው ሁለተኛውን ግማሽ፣ «የእግዚአብሔርንም ለእግዚአብሔር» የሚለውን፣ እንደ ማሳረጊያ ያልፈዋል። ደግሞስ ጥቅሱን እንዳለ እንውሰደው ብንል፣ የቄሣርን ለቄሣር ስጡ አለ እንጂ ከቄሣር ላይ ቆርሳችሁ ብሉ አላለም።

«እንግዲህ ሃይማኖት ከመንግሥት ስለተለየ ነው ሌብነት የበዛው» የሚሉም አሉ። እነሱም አልገባቸውም። አባቶቻችን ይዳኙበት የነበረው ፍትሐ ነገሥት 51 አንቀጽ አለው፤ 22ቱ መንፈሳዊ፣ የቀሩት ሥጋዊ ናቸው። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ። በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥትም ቤተ ክርስቲያናችን የመንግሥት ቤተ ክርስቲያን መሆኗን ደንግጎ ነበር። ታዲያ «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» የሚለው ተረት መቼ የተወለደ ይመስልሃል? ቤተ መንግሥቱና ቤተ ክህነቱ ጎን ለጎን በተቀመጡበት ዘመን ነው። መማለጃም እጅ መንሻም የሚሉ ስሞች ያኔም ነበሩ። አዋጅ ሰውን ጻድቅ አያደርግም፤ ያኔም አላደረገም።

በዚህ ላይ እንዳትሳሳትብኝ። ሃይማኖትህን ቢሮ ይዘህ ግባ ስልህ ማዕተብ ያሰረውን አስቀድም ማለቴ አይደለም። እንዲህ የሚያደርጉ አሉ፤ ቤተ ክርስቲያንን የጠቀሙ ይመስላቸዋል። ሙስሊሙም ፕሮቴስታንቱም በወረፋው ይስተናገድ። የአጥቢያህ ሰበካ ጉባኤ የመሬት ጥያቄ ይዞ ከመጣም እንደማንም ሰው ወረፋ ይጠብቅ። ይህን ስል የሚከፋቸው ካህናት እንዳሉ አውቃለሁ፤ ይክፋቸው።

ዳንኤልን እስቲ አስበው። በመስኮት መጸለዩን፣ የአንበሳውን ጉድጓድ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በፊት ያለችውን ቁጥር ግን እንዘላታለን (ዳን. 6፥4)። ዳንኤል የባዕድ መንግሥት ሹም ነበር፤ ያውም አረማዊ ንጉሥ የሾመው። ጠላቶቹ መጀመሪያ የመረመሩት ጸሎቱን አልነበረም። በመንግሥት ሥራው ላይ ሰበብ ፈለጉበት። ዛሬ ኦዲት የምንለው ነው። ምንም አጡ። ቢሮው ንጹሕ ስለሆነባቸው ነው ወደ አምላኩ ሕግ የዞሩት። አንተንስ ጠላት ቢነሣብህ እስከ ጸሎትህ ድረስ መምጣት ያስፈልገዋል? ወይስ መሳቢያህ ይበቃዋል?

ደመወዙ እንደማይበቃ አውቃለሁ። የቤት ኪራይ የሚከፍል ሰው ኑሮው እንዴት እንደሆነ ለማወቅ ኢኮኖሚስት መሆን አያስፈልግም። መንግሥት ሠራተኛውን ሊኖርበት የማይችል ደመወዝ ከፍሎ ታማኝ ሁን ሲለው እሱም በእግዚአብሔር ፊት ይጠየቃል፤ ያዕቆብ 5፥4 ስለ ሠራተኛ ደመወዝ የጻፈውን አንብበው። ደመወዝ ይጨመርልን ማለት መብትህ ነው። ግን የአንተን ጎዶሎ የሚሞላልህ ማን ነው? ከአንተ የባሰ የጎደለበት ባለጉዳይ ነው። ዮሐንስ መጥምቅ ዘንድ ቀራጮችና ጭፍሮች መጥተው «ምን እናድርግ?» ሲሉት ሥራችሁን ልቀቁ አላላቸውም። ቀራጮቹን ከታዘዘላችሁ አብልጣችሁ አትውሰዱ፣ ወታደሮቹን ግፍ አትሥሩ፣ ደመወዛችሁም ይብቃችሁ አላቸው (ሉቃ. 3፥12-14)። በዚያው ወንበር ላይ ሆነህ መዳን ይቻላል ማለት ነው።

«ጠይቄ አላውቅም» ብለሃል። እሺ። ቀድመህ የምትጨርስላቸው እንዳሉ ግን ራስህ ጽፈሃል። ያ ሰው ሲቀደም ወደ ኋላ የተገፋ ሌላ ሰው አለ። አፍህ ባይጠይቅም ወረፋው ጠይቆልሃል። ጉዳይ ሳይኖረው የሚሰጥህ አለ? ከሌለ፣ ሻይ አይደለም።

ስለ አሥራቱ አጭር ነገር ልበልህ። ኦሪት የተናቀ ዋጋ ወደ እግዚአብሔር ቤት አይግባ ትላለች (ዘዳ. 23፥18)። እግዚአብሔር አሥር በመቶ የሚደርሰው ሸሪክ አይደለም። ከደመወዝህ ስጥ፤ ትንሽ ብትሆንም ንጹሕ ናት።

አሁን ምን ታደርጋለህ? ወደ ንስሐ አባትህ ሂድ፤ ስትናዘዝ «በሥራ ላይ አንዳንድ ነገር» ብለህ አትሸፋፍን። ከማን፣ ስንት፣ ለምን ጉዳይ እንደሆነ ንገራቸው። ዘኬዎስ አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለው አለቃው አስገድዶት አይደለም፤ ጌታ ቤቱ ስለገባ ነው (ሉቃ. 19፥8)። የምታውቀውን ሰው ገንዘቡን መልስለት። ይቅርብኝ የሚል ካለ ይተውልህ፤ አንተ ግን ሂድ። ባለቤቱ የማይገኘውን አባትህ በሚያዝዙህ መንገድ ለድኻ ትሰጣለህ። በአንድ ቀን ላያልቅ ይችላል፤ በየወሩ እየቆነጠርክም ቢሆን ጀምር።

ሰኞ ቢሮ ስትገባ ደግሞ መሳቢያህን ክፈትና «አልተገኘም» የተባሉትን ፋይሎች አውጣቸው። ስልክ ቁጥር ካለባቸው ደውል። ነጠላ የለበሱ እናት ከመጡም ወንበር አቅርብላቸው።