ሰው ስለሌለባት ደሴት ለጠየቀችኝ ልጅ

ባለፈው አንዲት የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ «ጋሼ፣ ሰው የማይኖርበት ደሴት መማር ለምን ይበጃል?» አለችኝ። ነገሩን ያመጣው ቀልድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 አሜሪካ ቀረጥ ከጣለችባቸው ቦታዎች መካከል የአውስትራሊያዎቹ ሄርድና ማክዶናልድ ደሴቶች ተገኙና፣ «ፔንግዊኖች ቀረጥ ሊከፍሉ ነው» እየተባለ በየስልኩ ሲዞር ከረመ። እኔም ሳቅሁ። ማታ ግን ጥያቄዋ እንቅልፍ ነሣኝ፤ የቆየ ቁጭት አለብኛ።

ገና ለጋ የጂኦግራፊ መምህር ሳለሁ አንድ የጂኦሎጂ ባለሙያ ከአዲስ አበባ መጣ። ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወስደውን መኪና እየጠበቀ ነበርና ሻይ ልጋብዘው የከተማችን ፒያሳ ይዤው ወጣሁ። መንገድ ዳር ለግንብ ከተከመረው ድንጋይ አንዱን አነሣ፤ ከኪሱ ትንሽ ማጉያ መነጽር አውጥቶ «እይ» አለኝ። ጥቁሩ ድንጋይ በጥቃቅን ቀዳዳ ተሞልቷል፤ አንዳንዱ ቀዳዳ ነጭ ነገር ደፍኖታል። «ቀልጦ ሲፈስ ጋዝ የወጣበት ነው፤ እንደ እንጀራ ዓይን አውጥቶ ረጋ። ነጩ ኋላ ውሃ ያመጣው ነው። ዕድሜው ወደ 30 ሚሊዮን ዓመት ይጠጋል።» ያን ድንጋይ በየቀኑ እየረገጥሁት ነበር ትምህርት ቤት የምሄደው!

ሻይ ቤት ስንቀመጥ ደግሞ ጠረጴዛው ላይ የፈሰሰውን ሻይ በጣቱ እየሳበ የሕንድ ውቅያኖስን ግርጌ ሳለልኝ። «እዚህች ጋ ሄርድ አለች። እሷንም ያወጣት እንደኛ ከምድር ጥልቅ የመጣ ትኩስ ነገር ነው። ይህ የእኛው ድንጋይ ቀዝቅዟል፤ የሷ ዛሬም ይነዳል፣ ያውም በረዶ ተሸክማ። የሰሜን ተራሮችም ድሮ በረዶ ነበረባቸው። ነገ አብረኸኝ ውጣ፤ በረዶ ገፍቶ የቆለለውን ድንጋይ ቧሂት ተራራ ላይ አሳይሃለሁ።»

ወሩ ጥር ነው። የእህቴ ሠርግ ደርሷል፤ ዳሱ ተተክሏል፣ ጠላው ተጠምቋል፣ የቤቱ ትልቅ ወንድ ልጅ እኔ ነኝ። ቀረሁ። መቅረቴ ልክ ነው፤ እህቴን ማን ይድርልኝ? ሰውዬው ግን ሁለተኛ አልመጣም። እኔም «ለከርሞ፣ ለከርሞ» ስል ቧሂትን ሳልረግጥ ጡረታ ወጣሁ። ተራሮቹ ደጃፍ ድረስ፣ ደባርቅማ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ፤ ለለቅሶና ለስብሰባ።

እንግዲህ ልጄ፣ የሄርድ ተራራ ጫፍ 2,745 ሜትር ነው። ደባርቅ ከተማ ከዚያ ትበልጣለች፤ ገብስም ታበቅላለች። ሄርድ ላይ ግን የበረዶው ግግር ከተራራው ወርዶ ባሕር ይነካል። የምትገኘው ደቡብ 53 ዲግሪ ላይ ነው። ለንደን ሰሜን 51 ላይ ሆና ሣሯ ለምለም ነው። ለንደንን የሚደርሳት ሞቅ ያለ ውሃ ነው፤ ሄርድን ግን አንታርክቲካን የሚዞረው ቀዝቃዛ ባሕር ከቧታል፣ የምዕራቡን ነፋስም ከደቡብ አሜሪካ ጫፍ በቀር የሚያግድላት ምድር የለም። ኬክሮስ ሸምድደው ብቻ ፈተና የሚገቡ ልጆች ይህን ቢያስቡት ደስ ይለኛል።

ሄርድ የምታስፈልገንም ሰው ስለሌለባት ነው። ሌላዋን የእሳተ ገሞራ ደሴት፣ የደቡብ አፍሪካዋን ማሪዮን ተመልከቱ። እ.ኤ.አ. በ1949 አይጥ እንዲይዙ ተብሎ አምስት ድመቶች ገቡባት። በ1970ዎቹ ከሁለት ሺህ በላይ ሆነው የባሕር ወፉን ፈጁት፤ ድመቱን ማጥፋት እስከ 1991 ወሰደ። አይጡ ግን አሁንም አለ፤ አልባትሮስ የተባለውን ትልቅ የባሕር ወፍ ጫጩት ከነሕይወቱ ይበላል። ሄርድ ላይ እንዲህ ያለ መጤ አውሬ አልገባም። በረዶዋ ሲሸሽ «እርሻ ነው፣ ደን ጭፍጨፋ ነው» ብለን የምናሳብበው የአካባቢ ሰው የለም፤ የአየሩ መሞቅ እርቃኑን ይታያል።

የዛሬ ልጆች የሳተላይት ፎቶ ካያችሁ ቦታውን ያወቃችሁት ይመስላችኋል። እርግጥ ነው፣ የማክዶናልድ ደሴት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በፈነዳው እሳተ ገሞራ ስፋቷ እጥፍ ገደማ መሆኑን ያሳየው ሳተላይት ነው። እኔም ያየሁት በልጅ ልጄ ስልክ ነው። ስለዚህ ስልኩን ብዙ አልሰድብም።

እንግሊዝኛ አጥኑ፣ ሒሳብ አትጥሉ የሚለውን ሌላው ስለሚነግራችሁ እተወዋለሁ። በጥር ወደ ሰሜን ተራሮች የሚወጣ ካለ ግን ማጉያ መነጽር ይያዝ። ቧሂት ከ4,400 ሜትር በላይ ነው፤ ሌሊቱን ጋቢ ብቻውን አይችለውም። ሠርግ የገጠመው እንደሆነ እኔን አይጠይቀኝ።